ስልክህ ወደ ማሳህ ይምራህ

ልጄ ሆይ፣ የአባትህን ሞፈር ለመጨበጥ መወሰንህን ሰምቼ ልቤ ረክቷል። ተምሮ ወደ እርሻ የሚመለስ ወጣት ለቤተሰቡም ለአገሩም በረከት ነው። ይዘኸው የተመለስከው ስልክም በሥራህ ላይ ትልቅ ረዳት እንደሚሆንህ አምናለሁ። እኔ ከገበሬ ተወልጄ በግብርና ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወሬ ከገበያ ለቃቅመን ከምንዘራበት ዘመን ተነስቼ ስለ ሳተላይት ምስል እስከምንነጋገርበት ዘመን ደርሻለሁ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ ያየሁትን በአባቶች ተረት እያዋዛሁ ላካፍልህ።

ስለ ዲጂታል ግብርና ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲከራከሩ ትሰማለህ። አንዱ «አባቶቻችን ያለ ስልክ ጎተራ ሞልተው አልፈዋል፤ ይኼ የከተማ ጨዋታ ነው» ይላል። ሌላው «ሁሉም ነገር መተግበሪያው ውስጥ አለ፤ የሽማግሌ ወሬ ምን ያደርጋል» ይላል። የመጀመሪያው የዛሬው ዝናብ፣ የዛሬው በሽታና የዛሬው የመሬት ስፋት እንደ አባቶቹ ዘመን አለመሆኑን ዘንግቷል። ሁለተኛው ደግሞ እህል የሚበቅለው በአፈር ውስጥ መሆኑን ዘንግቷል። የእኔ ቃል አጭር ነው፤ ስልክህ ወደ ማሳህ ይምራህ እንጂ ከማሳህ አያስቀርህ። መረጃ የት ማየት እንዳለብህና መቼ ማየት እንዳለብህ ይነግርሃል። አይቶ መወሰን፣ ወስኖም በጊዜው መሥራት የአንተ ፈንታ ነው።

መጀመሪያ መዝግብ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አባትህ ብርቱ ገበሬ ነበር። የትኛው ማሳ በየትኛው ዓመት ምን እንደሰጠ፣ የትኛው ጥግ ውኃ እንደሚተኛበት፣ የትኛው ዳር ቶሎ እንደሚደርቅ ሁሉንም በልቡ ይዞት ነበር። ያ ዕውቀት አልተጻፈምና አብሮት ሄደ። አንተ መሬቱን ወረስክ፤ የመሬቱን ታሪክ ግን አልወረስክም። ለልጆችህ ይህ እንዳይደርስባቸው ከዛሬ ጀምሮ ጻፍ።

የምትጽፈው ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ማሳ የዘራህበትን ቀን፣ የዘሩን ዝርያና ምንጭ፣ የዘሩንና የማዳበሪያውን ኪሎ፣ ያረምክበትን ቀን፣ በሽታ ወይም ተባይ መጀመሪያ ያየህበትን ቀን፣ ያወጣኸውን ገንዘብና የጉልበት ወጪ፣ በመጨረሻም ጎተራ የገባውን ኩንታል መዝግብ። በስልክህ ብትይዘው ጥሩ ነው፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋልና በደብተርም ይኑርህ። አንድ ዓመት ስትመዘግብ ማስታወሻ ይሆንሃል። ሦስትና አራት ዓመት ስትመዘግብ ግን መካሪ ይሆንሃል፤ የትኛው ወጪ ምርት እንዳመጣና የትኛው ከንቱ እንደቀረ አንተኑ መልሶ ያስተምርሃል። ማንም ባለሙያ ስለ ማሳህ ከዚህ የበለጠ ሊነግርህ አይችልም።

ከመዝገቡ ሁሉ በፊት ደግሞ የማሳህን ስፋት በትክክል እወቅ። እኛ መሬትን በጥማድ እንለካ ነበር፤ ጥማድ ግን በበሬው ጉልበትና በአፈሩ ክብደት ይሰፋል፣ ይጠባል። የማዳበሪያው፣ የዘሩና የፀረ-አረሙ ምክር ሁሉ የሚሰጥህ በሄክታር ነው። ማሳህን አንድ ሄክታር ነው ብለህ 100 ኪሎ ማዳበሪያ ብትጨምርበትና መሬቱ በእውነት ሦስት ሩብ ሄክታር ብቻ ቢሆን፣ በሄክታር ሲሰላ 133 ኪሎ ጨመርክ ማለት ነው። ማዳበሪያ ከሆነ ገንዘብህ ይባክናል፤ ፀረ-አረም ከሆነ እህልህም ይጎዳል። መሬቱ ካሰብከው ሰፍቶ ቢገኝ ደግሞ መድኃኒቱ ስለሚሳሳ አረሙ ሳይሞት ይተርፋል።

ዛሬ ስልክህን ይዘህ ድንበርህን በእግርህ ዞረህ ስፋቱን ማወቅ ትችላለህ። ሆኖም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የስልክ ቦታ ጠቋሚ ጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ በትንሽ ማሳ ላይ ጥቂት ሜትር ደግሞ ትንሽ ስህተት አይደለም። ሩብ ሄክታር ማለት 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ጎን 3 ሜትር ቢጨምርብህ ስፋቱ ከእውነተኛው በ12 በመቶ ይበልጥብሃል። ስለዚህ በዝግታ ዙር፤ በየማዕዘኑ ቆም በል፤ ደግመህ ለካ፤ ሁለቱ ልኬት ካልተቀራረበ በገመድ አረጋግጥ።

አፈርህን እወቅ

በአገራችን ለብዙ ዓመታት ለደጋውም ለወይናደጋውም፣ ለቀዩም ለጥቁሩም አፈር አንድ ዓይነት የማዳበሪያ ምክር ይሰጥ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ ግን ከየወረዳው አፈር እያስመጣ ሲመረምር ሌላ እውነት አገኘ። ብዙው አፈራችን ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ ድኝ አንሶታል፤ በየቦታውም ቦሮን፣ ዚንክና ሌላም ንጥረ ነገር ይጎድለዋል። በዳፕ ውስጥ ድኝ የለም። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ያኔ ዳፕን የተካው በዚህ ምክንያት ነው፤ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ይዟል። ከዚያ ሥራ የወጣው የአፈር ካርታ ባይኖር ገበሬው የማያስፈልገውን እየገዛ የሚያስፈልገውን እያጣ በቀጠለ ነበር። መረጃ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ለዘመናት ከእግራችን ሥር የነበረውን ረሃብ አሳየን።

ሌላው ስውር ጠላት የአፈር ኮምጣጣነት ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው በዚህ ተጎድቷል። አፈሩ ሲኮመጥጥ ፎስፈረሱ ይታሰራል፣ የአሉሚኒየም መርዝ ሥሩን ያቀጭጨዋል። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ማዳበሪያ ደጋግሞ መጨመር በማያድን መድኃኒት ገንዘብ መጨረስ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኖራ ነው። ኮምጣጣነቱን በዓይንህ አታየውም፤ የሚነግርህ ምርመራ ብቻ ነው።

ካርታው ግን የአካባቢህን እንጂ የአንተን ማሳ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ከማሳህ ከ10 እስከ 15 ከሚሆኑ ቦታዎች እየተዘዋወርክ ከላይ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር አንሳ። ከድንበር ዳር፣ ከዛፍ ሥር፣ ፍግ ተከምሮ ከነበረበት ቦታ አታንሳ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቀህ ጥቂቱን ለምርመራ አስይዝ። ቀዩንና ጥቁሩን ዋልካ አትቀላቅል፤ ለየብቻ ይሁኑ። ውጤቱንም በመዝገብህ ከማሳው ስም ጋር ጻፈው።

የአገርህን ብልሃትም አትናቅ። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ ዙሪያ ያለው ገበሬ ዋልካውን በእጁ መደብ እያወጣ፣ ውኃውን በቦይ እያጠነፈፈ ስንዴና ምስር ሲያመርት ኖሯል። ማንኛውም መተግበሪያ የማዳበሪያህን መጠን አስልቶ ሊሰጥህ ይችላል፤ ውኃ የተኛበትን ዋልካ ግን አያጠነፍፍልህም። ሥሩ ውኃ ውስጥ ታፍኖ የቆመ ቡቃያ የትኛውንም ማዳበሪያ ሊጠቀምበት አይችልም። አሃዙና አሮጌው ብልሃት ሲገናኙ ነው ምርት የሚጨምረው።

ሰማዩን በሁለት ጆሮ ስማ

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየወቅቱን፣ የአሥር ቀኑንና የየዕለቱን ትንበያ ያወጣል። የወቅቱ ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይነግርሃል። ልብ በል፤ ዕድሉን ይነግርሃል እንጂ ቃል አይገባልህም። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ሰፍቷል ሲባል ወደ ድንጋጤ አትሂድ፤ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ አዘጋጅ፣ እርጥበት የሚይዝ እርከን ሥራ፣ መሬትህን ሁሉ ለአንድ ሰብል አትስጥ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ በብዙ የአገራችን ክፍል ሲሰናከል ያየ ሰው ይህን ምክር በቀላሉ አያልፈውም። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንዳይሆንብህ ደግሞ የወቅቱን ብቻ ሰምተህ የሳምንቱን አትርሳ።

የአጭሩ ጊዜ ትንበያ የዕለት ሥራህን ይመራል። ዩሪያ ስትጨምር አፈሩ ርጥብ ይሁን፤ ከባድ ዶፍ በሚጠበቅበት ዋዜማ ግን አትጨምር፣ ጎርፉ ገንዘብህን ይዞት ይሄዳል። ፀረ-አረም ስትረጭ ቅጠሉ ላይ የሚቆይበት ደረቅ ሰዓት ፈልግ፣ ነፋሱም ጸጥ ያለበት ማለዳ ይሁን። እነዚህ ትንንሽ ውሳኔዎች ናቸው፤ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ግን በእነሱ ነው።

የዝናብ መለኪያም በማሳህ አቁም። ዝናብ ከጋራ ወዲህና ወዲያ ይለያያል፤ ለከተማው ጣቢያ የዘነበው ለአንተ ላይዘንብ ይችላል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በሩብ ሄክታር ማሳህ ላይ 10 ሚሊሜትር ሲዘንብ 25,000 ሊትር ውኃ ወርዷል። ይህን በየማለዳው ለክተህ ስትጽፍ «ዘንቧል» እና «በቅቷል» የማይመሳሰሉ ነገሮች መሆናቸውን ትረዳለህ። የመጀመሪያዋ ካፊያ አታልላው ዘርቶ፣ ቡቃያው በድርቀት ከመሬት የቀረበት ገበሬ ብዙ ነው።

ዋግን ቅደመው

ልጄ፣ አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስንዴ ዘሪ ከሆንክ ከሁሉ አብልጠህ መጠርጠር ያለብህ ዋግ የተባለውን በሽታ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ወረደ። በጊዜው ኩብሳ የተባለው ዝርያ በሰፊው ተዘርቶ ነበር፤ ቢጫ ዋጉም ያንኑ ዝርያ ለየና መታው። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የተቋቋመው ዲገሉ የተባለ ዝርያ ተወደደ፣ ማሳውንም ሞላው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠቃው፤ ስንዴው ዛላው ሳይሞላ ከነጭራሹ የጠፋባቸው ገበሬዎች ብዙ ነበሩ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። አገር በአንድ ዝርያ ላይ ሲተኛ ጠላቱ አንድ በር ብቻ መስበር ይበቃዋል። ስለዚህ ምርት አሳየኝ ብለህ መሬትህን በሙሉ ለአንድ ዝርያ አትስጥ። ዝርያውን ስትመርጥ ከቁሉምሳም ሆነ ከሌላ የምርምር ማዕከል የሚወጣውን የቅርብ ዓመት መረጃ ጠይቅ፤ የትናንቱ ጠንካራ ዝርያ የዛሬው ደካማ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚያ መከራዎች በኋላ መልካም ነገር ተሠራ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከሌሎች አጋሮች ጋር የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ገነቡ። አሠራሩን እወቀው፤ የአንተም ድርሻ አለበትና። ባለሙያዎች ወደ ማሳ ወጥተው ያዩትን ዋግ ከቦታውና ከቀኑ ጋር በስልካቸው ይመዘግባሉ። የዋግ ዱቄት በነፋስ ሩቅ ይጓዛል፤ የአየር ሁኔታ ስሌቱ ያ ዱቄት ከታየበት ቦታ ተነስቶ ወዴት እንደሚነፍስ፣ የትኛው አካባቢ ሙቀቱና እርጥበቱ ለበሽታው እንደሚመች ይገምታል። ግምቱ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ለክልል፣ ለወረዳ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይደርሳል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የገበሬዎች ነጻ የስልክ መስመርም ስለ አዘራር፣ ስለ እንክብካቤና ስለ በሽታ ምክር ለገበሬው በድምፅ በየቋንቋው ያደርሳል፤ ማንበብ የማይችል ሽማግሌም በጆሮው መስማት ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርህ ለምን እንደሆነ ስማኝ። ቢጫ ዋግ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። አንተ ቢጫውን መስመር ያየህበት ቀን በሽታው ሁለት ሳምንት ያህል ማሳህ ውስጥ ኖሯል። ዱቄቱ ከቅጠል ወደ ቅጠል፣ ከማሳ ወደ ማሳ እየዘለለ ነው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ መልእክት ሲደርስህ ነገ እያልክ አታሳድር፤ ሳይቃጠል በቅጠል። በዚያው ዕለት ማሳህ ውስጥ ግባ።

ስትገባም ዳር ቆመህ አትመለስ። ከጥግ ወደ ጥግ እየተጠማዘዝክ ሂድ፤ በየአሥር እርምጃው ቆመህ ታችኛውን ቅጠል ገልብጥ። በቅጠሉ ርዝመት የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ካየህ ቢጫ ዋግ ነው። በግንዱ ላይ ቆዳውን ሰንጥቆ የወጣ እንደ ጡብ የቀላ ዱቄት ካየህ የግንድ ዋግ ነው። በጣትህ ወይም በነጭ ጨርቅ ስታሸው ቀለሙ ይለቃል። ፎቶ አንሳ፣ ቀኑንና ማሳውን ጻፍ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ላክ።

ስልክህ ፎቶ አይቶ «ይኼ በሽታ ነው» ቢልህ ወዲያው መርጨት አትጀምር። ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴም ይበጫል፤ ውኃ የተኛበትም ይበጫል፤ ቢጫ ሁሉ ዋግ አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለይ። ኬሚካል መርጨት ካስፈለገም በባለሙያ ምክር ይሁን፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከአጨዳ በፊት መጠበቅ ያለብህን ቀን አክብር፣ እጅህንና ፊትህን ሸፍን፣ የተረጨውንም መዝግብ።

ከሁሉም በላይ አትደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። «ማሳው ታመመ» መባልን የሚፈራ ገበሬ የራሱንም የጎረቤቱንም እህል ያስበላል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በበቆሎ ላይ የመጣው መጤ ተምችም ይህንኑ አስተምሮናል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ወደ በቆሎው ልብ ጠልቆ ሳይገባ የደረሰበት ገበሬ በእጁ ለቅሞም ማዳን ችሏል። ዘግይቶ የደረሰው ግን መድኃኒት ቢረጭም ትሉን አላገኘውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አንተ የላክኸው አንድ ፎቶ ለቀጣዩ ቀበሌ የቀናት ዕድል ነው፤ የሌላው ማስጠንቀቂያ ለአንተ እንደሚደርስህ ሁሉ ያንተም ለሌላው ይድረስ።

የሰማይዋ ላም

ስለ ሳተላይት ብዙ ሲወራ ትሰማለህ። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች፤ ከዓላማዎቿ አንዱ ግብርና ነበር። አውሮፓውያን ያመጠቋቸው ሴንቲነል 2 የሚባሉት ሳተላይቶችም በየአምስት ቀኑ ማሳህ ላይ እያለፉ ፎቶ ያነሳሉ፤ ምስሉ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ታዲያ ምስሉ እዚያ ላይ ቀርቶ ውሳኔ ሆኖ ወደ መሬት ካልወረደ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ ማለት ነው።

ወተቷን ለማለብ አቅሟን እወቅ። የዚያ ምስል አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ይወክላል፤ ሩብ ሄክታር ማሳህ በ25 ነጥብ ይታያል ማለት ነው። ዳር ዳር ያሉት ነጥቦች የጎረቤትህን መሬት ስለሚቀላቅሉ መሃል ያሉትን እመን። የሐምሌና የነሐሴ ደመና ደግሞ ምስሉን ይሸፍነዋል፤ እህሉ በጣም በሚፈልግህ ወቅት ለሳምንታት ላታየው ትችላለህ። ምስሉ የቅጠሉን ልምላሜ ያሳይሃል፤ ያ ልምላሜ ስንዴ ይሁን ሙጃ ግን አይለይልህም። አረም የወረሰው ማሳም ከላይ ሲታይ ያማረ አረንጓዴ ነው።

ስለዚህ ሳተላይቱን እንዲህ ተጠቀምበት። በአንድ ማሳ ውስጥ ከሌላው የደበዘዘውን ቦታ አመልክቶህ እንደሆነ አካፋህን ይዘህ ወደዚያው ሂድ። ቆፍረህ ሥሩን እይ፤ ውኃ ተኝቷል? አፈሩ ጠጥሯል? ተባይ አለ? ዘሩ ሳስቷል? ያገኘኸውን መልስ በመዝገብህ ጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ቦታ ቢደበዝዝ ምክንያቱን ታውቀዋለህ። እንዲህ ካላደረግህ ያ ሁሉ መሣሪያ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንብሃል።

ተካፈል፣ የራስህንም ጠብቅ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአንተ ማሳ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ብዙ አይናገርም፤ በኩታ ገጠም እርሻ ጎን ለጎን የምታርሱ ገበሬዎች መዝገባችሁን ስታገናኙ ግን ትልቅ ትምህርት ይወጣል። በየትኛው ዝርያ፣ በየትኛው የዘር ቀን፣ በየትኛው የማዳበሪያ መጠን ማን ምን ያህል አገኘ? ይህን ከአጨዳ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ብታመሳክሩ በራሳችሁ መሬት ላይ የተሠራ ምርምር በእጃችሁ ይኖራል። ስልክ የሌለውን ጎረቤትህን አትተወው፤ መልእክት ሲደርስህ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጃፍ፣ በእድር፣ በገበያ ተናገር። በቤታችሁ ደግሞ እናትህን ጠይቃት። ዘር መርጣ ለዓመቱ የምታስቀምጠው፣ ነቀዝ መግባቱን መጀመሪያ የምታውቀው፣ የትኛው እህል ለእንጀራ እንደሚጠቅም የምትለየው እሷ ናት። ስልኩ በወንዱ ኪስ ብቻ ከኖረ ግማሹ የቤቱ ዕውቀት ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

ተካፈል ስልህ ግን ዓይንህን ጨፍነህ አይደለም። ስለ መሬትህ ስፋት፣ ስለ ምርትህ፣ ስለ ብድርህና ስለ መታወቂያህ የሚጠይቅ ሁሉ መልስ አይገባውም። መረጃውን ለምን እንደፈለገው፣ ለማን እንደሚያሳየው፣ ስታዝዘው ይሰርዘው እንደሆነ ጠይቅ። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የግል መረጃህን በተመለከተ መብት አለህ። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይላሉና አያያዝህን አሳምር። የምስጢር ቁጥርህን ለማንም አትንገር፤ «ማዳበሪያ በርካሽ እናስመጣልህ፣ ቅድሚያ ላክ» የሚል የማታውቀው ድምፅ ሲደውልልህ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለውን አስብ። ብድር ወይም ዕቃ ከዲጂታል አገልግሎት ጋር አያይዞ የሚሰጥህ ካለም ውሉን በሚገባህ ቋንቋ አንብብ፣ ያልገባህን አስነብብ።

ለዘንድሮው ክረምት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁሉን ነገር በአንድ ክረምት ልጀምር አትበል። ዘንድሮ ሦስት ነገር ብቻ ያዝ፤ ማሳዎችህን ለክተህ ስም ስጣቸው፣ ለእያንዳንዳቸው መዝገብ ክፈት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማሳህን ከዳር እስከ ዳር ዞረህ ያየኸውን ጻፍ። በመጪው ዓመት የአፈር ምርመራውንና የዝናብ መለኪያውን ጨምር። ሳተላይቱ ከዚያ ይቀጥላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንተ በማሳህ ላይ ባለሙያ ሁን። ባለሙያ ማለት ያየውን የሚመዘግብ፣ የመዘገበውን የሚያመሳክር፣ ያመሳከረውን በጊዜው የሚሠራ ነው። ከዘርና ከማዳበሪያ ቀድሞ አገራችንን የሚመግባት እንዲህ ያለ ገበሬ ነው፤ ወጣቱ ይህን ሲይዝ እርሻ የተናቀ ሥራ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ ምርቃቴን ተቀበል። ዘርህ ይብቀል፣ ቡቃያህ ይስፋ። ዋግና ተምች ከደጅህ ይራቅ፤ ቢመጣም ሳይቀድምህ ቅደመው። ዝናቡ በልኩ ይውረድልህ። ዓይንህ የሩቁን ይይ፣ እግርህ ከማሳህ አይራቅ። መዝገብህ ለልጅ ልጅህ ይትረፍ። ጎተራህ ለአንተም፣ ለጎረቤትህም፣ ለእንግዳህም ይብቃ። አሜን በል።